ኮምፒውተሩ ሰላም ያላለው የፍሎፒ ማንበቢያ

ተረቴ መጣች ሻሿን አስራ፤
የሰማ ይስማት፣ ያንቀላፋም አይፍራ።

ትርሲት የምትባል ሕፃን ነበረች። ዝናቡ ቆርቆሮውን ቀስ አድርጎ ይመታል፣ ከሰዓት በኋላው እንደ ወተት ነጥቷል፣ ሰፈሩ ሁሉ ያንቀላፋል። ትርሲት ግን አትተኛም፣ ታለቅሳለች። ትናንትም አልተኛችም። ዛሬ ደግሞ ጡትም እንቢ አለች። እናቷ ሰናይት ፈራች። ግንባሯን ትነካለች፣ ትንፋሿን ታዳምጣለች።

«የኔ እናት፣ ምናለ ትንሽ ብትተኚ?»

«የአባዬን ዜማ ካልሰማሁ አልተኛም» አለች ትርሲት በዓይኗ።

አባቷ ይርዳው ሩቅ አገር መንገድ ሊሠራ ሲሄድ፣ በአሮጌው ኮምፒውተር እሹሩሩ ሠርቶ ፍሎፒ በሚባል ጠፍጣፋ ዲስክ ላይ አስቀምጦላታል። ኮምፒውተሩ ደግሞ ፍሎፒ የሚጎርስበት አፍ የለውም። ጎረቤታቸው እትዬ ዘነቡ የፍሎፒ ማንበቢያቸውን በነጠላ ጠቅልለው መጡ።

«እንኪ፣ ይርዳውም ይዋሰው የነበረው ይሄንኑ ነው። እስቲ ሞክሪው።»

ሰናይት ገመዱን ሰካች። ቸኩላ ኮምፒውተሩን አበራች፣ ቀጥላ ማንበቢያውን አበራች፣ ፍሎፒውን አጎረሰች። ዝም።

«ዜማ፣ ውጣ እንጂ! ትርሲት አትተኛም።»

«ፍሎፒው ካልለቀቀኝ አልወጣም።»

«ፍሎፒ፣ ልቀቀው። ዜማው አይወጣም፣ ትርሲት አትተኛም።»

«ማንበቢያው ካላዞረኝ አልለቅም።»

«ማንበቢያ፣ አዙረው። ፍሎፒው አይለቅም፣ ዜማው አይወጣም፣ ትርሲት አትተኛም።»

«ገመዱ ትእዛዝ ካላመጣልኝ አላዞርም። በሰው ቤት እንግዳ ነኝ፤ ሳይሉኝ አልነካም።»

«ገመድ፣ ትእዛዝ አምጣለት። ማንበቢያው አያዞርም፣ ፍሎፒው አይለቅም፣ ዜማው አይወጣም፣ ትርሲት አትተኛም።»

ገመዱ ተጠቅልሎ እንደተኛ አዛጋ። «ኮምፒውተሩ ካልሰጠኝ ከየት ላምጣ? ከኪሴ?»

ኮምፒውተሩ ሰማያዊ ብርሃኑን ለብሶ በሐሳብ ርቆ ሄዷል። ሰናይት ፊቱን በመዳፏ ነካ አደረገችው።

«ኮምፒውተር፣ ትእዛዝ ስጥ። ገመዱ አያመጣም፣ ማንበቢያው አያዞርም፣ ፍሎፒው አይለቅም፣ ዜማው አይወጣም፣ ትርሲት አትተኛም።»

«ለማን ልስጥ? እኔ እንግዳ አላየሁም።»

«ኧረ አጠገብህ ተቀምጧል!»

«በርቼ ስገባ ‹እንዴት ዋላችሁ› ብያለሁ። የመለሰልኝ የለም።»

«ያኔ ተኝቼ ነበር» አለ ማንበቢያው አፍሮ።

«በል አሁን ሰላም በለው!»

«ሰላም የምለው ስገባ ነው። ከተቀመጥኩ በኋላ ሰላም እላለሁ እንዴ?»

እትዬ ዘነቡ ሳቁ። «ወይ ጥጋብ! አርጅቶም ኩራቱ አልለቀቀው!»

ሰናይት አልሳቀችም። የትርሲት ልቅሶ እየሳሳ፣ እየሳሳ፣ ክር አክሏል።

«እትዬ፣ ሰው ቤት ሲኬድ ማነው ቀድሞ ሰላም የሚለው?»

«ገቢው ነዋ! የተቀመጠ ይመልሳል እንጂ። ምነው ልጄ፣ ይሄም ጠፋሽ?»

«እንግዲያው እኔ ነኝ ያበላሸሁት። ማንበቢያው ተቀምጦ ይጠብቅ፣ ኮምፒውተሩ ኋላ ይግባ።»

ሁሉንም አጠፋች። ቤቱ ውስጥ የዝናቡ ድምፅና የትርሲት ቀጭን ልቅሶ ብቻ ቀሩ። መጀመሪያ ማንበቢያውን አበራች። አረንጓዴ ብርሃኑ እንደ እሳት ራት ዓይን በራ፣ ተረጋግቶ ተቀመጠ። ከዚያ ኮምፒውተሩን አበራች።

«እንዴት ዋላችሁ?» አለ ኮምፒውተሩ ሲገባ።

«እግዚአብሔር ይመስገን፣ እንዴት ዋሉ!» አለ ማንበቢያው።

ያን ጊዜ ኮምፒውተሩ ትእዛዝ ሰጠ፣ ገመዱ አመጣ፣ ማንበቢያው አዞረ፣ ፍሎፒው ለቀቀ፣ ዜማው ወጣ። ቀጭን ነው፤ በሽቦ ላይ እንደሚሄድ ወፍ ጢር፣ ጢር ይላል። ትርሲት ልቅሶዋን ረሳችው። የእናቷን ጡት ፈልጋ ያዘች፣ ጠባች፣ ጠባች፣ አፏ ላይ ወተት እንዳለ እጇ ተዘረጋ።

ተረቴም ደከማት፣ ጋደም ብላለች፤
በሩን ቀስ አድርጉት፣ ልጅ ተኝታለች።