ቀጭኑ ጃክና ሰፊው ቀዳዳ

አንድ ቶሎ ቱግ የሚል ልጅ ነበር፣ ምንተስኖት የሚባል። በቃ ስሙኝ፣ እቺን ካልተናገርኩ ልፈነዳ ነው።

ይሄ ልጅ ከአባቱ ጋር ነው የሚኖረው። አባትየው ጋሽ ውብሸት ጆሯቸው ደከም ብሏል። የቀራቸው ደስታ አንድ ቁም ሳጥን የሚያክል የድሮ ቴፕ ነው። እሱን ከፍተው ዘፈን ሲሰሙ ግድግዳው ይንቀጠቀጣል። ከግድግዳው ወዲያ ደግሞ ጎረቤታቸው ወልዳ አራስ ቤት ገባች። ማንም ምንም አላላቸውም፤ ራሳቸው አፍረው ቴፑን ዘጉት። ከዛማ ምግብም ቀነሱ፣ ወሬም ቀነሱ። ቤቱ ለቅሶ ቤት መሰለ።

የልጁ አንጀት አልቻለም። ሱቅ ሄዶ ጆሮ ሙሉ የሚሸፍን ሄድፎን ገዛ። እዛው ስልኩ ላይ ሰክቶ ሞከረው፤ ጥርት ያለ ድምፅ! እየበረረ ቤት መጣ፣ የቴፑን ስፒከር አጠፋ፣ የሄድፎኑን ጃክ፣ ያቺን የገመዱ ጫፍ ላይ ያለችውን መሰኪያ፣ ቴፑ ፊት ላይ ያለችው ቀዳዳ ውስጥ ሰካ፣ ካሴቱን አስነሳና አባቱ ጆሮ ላይ ደፋው።

"እህ፣ አባዬ?" ብሎ ጮኸ።

"ምኑ?"

"ዘፈኑ ነዋ!"

"ተከፈተ እንዴ?"

ድምፁን ጨመረ። እስከ መጨረሻው ጨመረው። ምንም።

"አባዬ፣ ካሴቱ እየዞረ ነው እኮ! እንዴት ይሄ አይሰማህም?"

የልጁን ሂሳብ አያችሁ? ሄድፎኑ ሱቅ ውስጥ ሰርቷል። ቴፑ ዘመኑን ሙሉ ሰርቷል። ታዲያ ምን ቀረ? ጆሮ! አባትየውም አመኑት። ሄድፎኑን ቀስ ብለው አወለቁና ልጃቸው እጅ ላይ አስቀመጡት።

"በቃ ልጄ፣ የቀረልኝ ያንተ ጩኸት ብቻ ነው። ዘፈኑ አልቋል።" ፊታቸውን ወደ ግድግዳው አዞሩ።

ምንተስኖት ሲያዝን ማልቀስ አያውቅም፣ መጣላት ነው የሚያውቀው። ሄድፎኑን ይዞ ሻጯ ላይ ሄደባት።

"ምን አይነት ዕቃ ነው የሸጥሽልኝ? አባቴን ገደልሽው እኮ! ዛሬ ልክሽን ነው የማሳይሽ!"

ኑሪያ የምትባለው ሻጭም የዋዛ አይደለችም። "የኔን ልክ ተወውና የቀዳዳውን ልክ ንገረኝ። ምን ላይ ነው የሰካኸው?"

"ትልቁ የቤት ቴፕ ላይ ነዋ!"

"ስትሰካው ቀጭ አለ?"

"ቀጭማ..." ጃኩን አየት አደረገ። "ይወዛወዛል።"

"በራስህ ጆሮስ ሰማኸው?"

ሄድፎኑን ማገላበጥ ጀመረ።

"አንተን ነው የምልህ፣ ጀግናው! ቴፑ ላይ ከሰካኸው በኋላ ራስህ ጆሮ ላይ አድርገኸዋል?"

አላደረገውማ! አባቱን ደንቆሮ ለማለት ሲቸኩል የራሱን ጆሮ መጠየቅ ረሳ!

"አይ የሰው ነገር!" አለች ኑሪያ። "ይሄ ጃክ ቀጭን ነው፣ የስልክ ልክ። የቤት ቴፕ ወፍራሙን ነው የሚፈልገው። የገባ መሰለህ እንጂ ውስጥ ምንም አልነካም። እኔም ምን ላይ እንደምትሰካው ሳልጠይቅህ ሸጥኩልህ፤ በዚህ ጥፋተኛ ነኝ። እንካ።" ከመሳቢያ አንዲት የጣት ጫፍ የምታክል ብረት አወጣች። ከኋላ ቀጭኑን ጃክ ትውጣለች፣ ከፊት ወፍራም ሆና ትወጣለች። "ሰው አዳፕተር ይላታል። አባቴ ግን አስማሚ ነው የሚላት።"

ቤት ሲደርስ ጋሽ ውብሸት እምቢ አሉ። "ተወኝ ልጄ፣ አንዴ ቀብሬዋለሁ።"

ልጁ አሁን አልጮኸም። አስማሚዋን ጃኩ ላይ አድርጎ ሰካ፤ ቀጭ! መጀመሪያ ራሱ ጆሮ ላይ ደፋው። ለካ ድምፁ እስከ መጨረሻው እንደተከፈተ ነው፣ በድንጋጤ ከወንበሩ ወደቀ። አባትየው "ልጄን!" ብለው ሲነሱ እሱ መሬት ላይ ሆኖ ይስቃል። ድምፁን ቀነሰና ደፋላቸው።

ዓይናቸው ፈጠጠ። ከዛ፣ ሄድፎን ያደረገ ሰው የራሱን ድምፅ መች ይሰማል፣ ሰፈሩን በጩኸት አናጉት።

"አለ! ጆሮዬ አለ! ክራሩ ሳይቀር ይሰማኛል!"

ከግድግዳው ወዲያ ሕፃኑ ነቅቶ እሪ አለ። አራሷ ደንግጣ፣ "ውይ ጋሼ፣ ምን ሆኑብኝ?" አለች።

"ይቅርታ እህቴ!" አለ ምንተስኖት። "አባዬ ሰማ!"

"ሰሙ? እሰይ! ዛሬስ ይጩኹ!" ብላ ከነሕፃኑ ለቅሶ እልልታዋን አቀለጠችው። እፎይ!

እኔን የሚያበግነኝ ምን መሰላችሁ? "ብነግረው ብነግረው አይገባውም" እንላለን። ሰውየው ነው የማይገባው ወይስ ቃላችን ነው ያልገባው? ጃኩ ጥፋት የለበትም፣ ቀዳዳውም ጥፋት የለበትም። ሁለቱም ልክ ናቸው፤ ልካቸው ግን አንድ አይደለም። መስማማት የሚለው ቃል ራሱ እኮ ከመስማት ነው የመጣው! ስለዚህ ድምፅ ከመጨመራችሁ በፊት የሰውየውን ልክ ጠይቁ። የምትናገሩትንም መጀመሪያ በራሳችሁ ጆሮ ስሙት።

እስቲ እናንተስ፣ የሚሰማ ጆሮ እያለው "አለቀለት" ብላችሁ ፊቱን ወደ ግድግዳ ያስዞራችሁት ማንን ነው?