በሰም የተደፈነው ቀዳዳ

የጎረቤት አምባር ተውሳ ሠርግ የሄደችን ሴት ሰው በአንዲት ተረት ይሸነቁጣታል። ተረቲቱ ስትፈጠር ግን የተሸነቆጠው ወንድ ነበር፤ ያውም በገዛ ሚስቱ አገልግል የተሸለመ ወንድ።

አንለይ ሲራራ ነጋዴ ነበር። ያን ጊዜ በእነሱ አገር ስንቅ የሚቋጠረው በጨርቅ ነውና፣ ክረምት በመጣ ቁጥር መንገድ ላይ የሻገተ ድርቆሽ ሲያኝክ ይከርማል። ይህ የሚስቱን የትብለጥን አንጀት ይበላዋል። አንድ ሰሞን ክዳን ያለው ስፌት ሰፍታ፣ ዙሪያውን ቆዳ አልብሳ፣ ጠፍር አበጅታ ከበቅሎው ኮርቻ ላይ አንጠለጠለችለት። አንለይ «ቆዳውን ከየት አመጣሽው?» ብሎ እንኳ አልጠየቃትም። ስንቁን ዝናብ ካልነካበት ሌላው ምን አስጨነቀው!

አንድ ቀን ወንዝ ሞልቶ የአገሩን ገዥ ፊታውራሪ ዳምጤንና ነጋዴዎቹን አንድ ላይ አገዳቸው። የሁሉም ስንቅ በዝናቡ ሲላቁጥ የአንለይ ብቻ ደኅና ተገኘ። ፊታውራሪው ከእሱ በልተው ጠገቡና፣

«ይህን ነገር ማን አሰበው?» አሉ።

የትብለጥ ስም ምላሱ ጫፍ ላይ ደርሶ ነበር። ግን ሰው ሁሉ እያየው ነው።

«እኔ ነኝ፣ ጌታዬ።»

«አበጀህ! ለመስቀል ግብር ከነሚስትህ ና።»

በግብሩ ዕለት ወርቀ ዘቦ ካባ አለበሱት። ትብለጥ ከሴቶቹ መካከል ቆማ አየችው። ፊታውራሪው አገልግሉን እያገላበጡ ለእንግዶቻቸው ሲያሳዩ ድንገት ቆም አሉ።

«እነዚህ በሰም የተደፈኑት ቀዳዳዎች ምንድን ናቸው?»

አንለይ ቀዳዳ መኖሩን ያየው ገና ያን ጊዜ ነው። «ያው... ለጌጥ ነው፣ ጌታዬ» አለ።

ትብለጥ ነጠላዋን ፊቷ ላይ ሳበች። አንለይ ይህን አይቶ ዓይኑን ወደ ቆዳው መለሰ። ቀዳዳዎቹ ዛጎል የነበረባቸው ናቸው። ቆዳው ኩፍኝ የወሰደባቸው ልጃቸው የታዘለችበት አንቀልባ ነው። ትብለጥ ከራስጌዋ ሰቅላ ማንንም የማታስነካውን አንቀልባ፣ እሱ የሻገተ እንዳይበላ ብላ ቆርጣዋለች።

ሀፍረት ከእግር ጥፍሩ እስከ ራስ ፀጉሩ አነደደው። መሬት ተሰንጥቃ ብትውጠው በወደደ ነበር።

«ዋሽቻለሁ፣ ጌታዬ» አለ። «ያሰበችውም የሰፋችውም ሚስቴ ናት። ቆዳው የሟች ልጃችን አንቀልባ ነው። እኔ ገና አሁን አየሁት።»

ካባውን አውልቆ ትከሻዋ ላይ ሊጥልላት ሄደ። ትብለጥ እጁን ገፋችው።

«ካባው ይቅርብኝ። እኔ ነኝ ማለትህንስ ችዬው ነበር። ለጌጥ ነው ከምትል ግን፣ አላውቅም ብትል ምን ነበረበት?»

አገልግሉን ከፊታውራሪው ፊት አንስታ፣ አቅፋው ወጣች። አንለይ ካባውን በክንዱ ይዞ መሐል አዳራሽ ቀረ፤ ሰው ቀና ብሎ ማየት አቃተው።

ከበሩ አጠገብ የተቀመጡት እማሆይ ወለላ ይህን ሁሉ ሲታዘቡ ቆይተው፣ «ካባውን መልስና ተከተላት፣ ልጄ» አሉት፤ «በሰው ወርቅ አይደምቁ።»