የሁለት እጅ ምግብ

በአንድ ወቅት፣ ኮምቦልቻ ከተማ ውስጥ፣ ጋሽ እንድሪስ የሚባሉ አባት ነበሩ። ዕድሜያቸውን ሙሉ የጭነት መኪና ሲነዱ ኖረው ጡረታ በወጡ ማግስት ሕመም ጣላቸው፤ ሲነሱ ቀኝ እጃቸው ይንቀጠቀጥ ጀመር። እንጀራ ሲጠቀልሉ ወጡ አፋቸው ሳይደርስ ልብሳቸው ላይ ይቀራል። በግራ እጅ መብላት ደግሞ ነውር ነው። እናም ገበታ በቀረበ ቁጥር «ጠግቤያለሁ» ማለት አመጡ። «ብቻውን የሚበላ ብቻውን ይሞታል» እያሉ አላፊ አግዳሚውን ጎትተው የሚያበሉት ሰውዬ፣ ጓዳ ገብተው፣ በር ዘግተው፣ በግራ እጃቸው ትንሽ ቀማምሰው መውጣት ሆነ ሥራቸው። ሰውነታቸው ከሳ። ከዚያ የባሰው ግን፣ የልጆቻቸውን ሳቅ ከጓዳ ሆነው ሲሰሙ አንጀታቸው እርር ማለቱ ነበር።

ሦስት ልጆች ነበሯቸው። ሦስቱም አባታቸውን ምግብ የዘጋቸው መስሏቸው ይጨነቃሉ።

ትልቋ ዘምዘም ዓይኗ ንቁ ነው። አንድ ቀን ውሃ ልታቀብላቸው ስትሄድ በደንብ ሳይዘጋ ገርበብ ባለው በር አየቻቸው። ያቺን ግራ እጃቸውን አየች። በሩን ሳትነካ ተመለሰችና ወንድምና እህቷን ጠራች። «አባዬን የዘጋቸው ምግቡ አይደለም፣ እጃቸው ነው» አለች። «በርገር እንሥራ። በሁለት እጅ ካልያዙት አይበላም፤ እዚያ ላይ ግራን ከቀኝ ማን ይለያል?»

መካከለኛው ሙህዬ የምግብ ባለሙያ ነው። ጋሽ እንድሪስ ግን የፈረንጅ ምግብ ስሙን እንኳ አይወዱም፤ «ሥጋን ዳቦ ውስጥ ደብቆ መብላት ምን የሚሉት ነው?» ባይ ናቸው። ሙህዬ የተፈጨውን ሥጋ በነጭ ሽንኩርትና በሚጥሚጣ አሸው። የመጀመሪያው መጥበሻ ላይ ፍርስርሱ ወጣ። በሶ ነስንሶ ቢያሸው ያዘለት! ከዚያ ለየሰዉ እንደየአመሉ ደረደረበት፤ ለዘምዘም አቮካዶና ቲማቲም፣ ለሉባባ አስኳሉ ያልጠና እንቁላል ከአዋዜ ጋር፣ ለራሱ የተጠበሰ ሽንኩርት። ለአባቱ ግን ትኩስ አይብ ከምሮ፣ ስንግ ቃሪያ አጋደመበትና ንጥር ቅቤ አፈሰሰበት። ሽታው ጓዳ ድረስ ዘልቆ ጋሽ እንድሪስን አስነሳቸው።

«ምንድን ነው እሱ?» አሉ ምራቃቸውን እየዋጡ።

«ቅመሱት እንጂ፣ አባዬ» አለ ሙህዬ። ተቀመጡ።

ቢስሚላህ ብለው በርገሩን በሁለት እጃቸው አነሱት። ቀኝ እጃቸው ተንቀጠቀጠ፤ አይቡ ተንሸራቶ ደረታቸው ላይ ዱብ አለ። ፊታቸው ጠቆረ፤ ሊነሱ ወንበራቸውን ገፉ። ያን ጊዜ ቢነሱ ኖሮ ወደዚያ ገበታ ዳግመኛ እንደማይመለሱ ልባቸው ያውቀዋል።

ታናሿ ሉባባ በዚያ ቀን የጓደኛዋ ሚዜ ነበረች፤ ነጭ ቀሚሷን ለብሳ ልትሄድ የቀራት ምሳዋ ብቻ ነው። አባቷን አየች። በርገሯን ጭምቅ አድርጋ ይዛ ግምጥ ስታደርገው፣ አስኳሉና አዋዜው ከአገጯ እስከ ጉልበቷ ወረደ። «ውይ ጉዴ!» አለች፤ ግን አልጠረገችውም፣ ደግማ ገመጠች። የዘምዘም አቮካዶ ጭኗ ላይ ፈሰሰ፤ የሙህዬም ሽንኩርት ተከተለ። ጋሽ እንድሪስ ልጆቻቸውን አዩ፣ ደረታቸውን አዩ፣ ሳቃቸውም አመለጣቸው። የድሮው ሳቃቸው፣ ጎረቤት የሚጠራው ሳቅ!

«እናንተማ ከእኔም ብሳችኋል!» ብለው ወንበራቸውን መልሰው ሳቡ። በሉ። ቅቤው በክርናቸው እየወረደ፣ ጣታቸውን እየላሱ በሉ። «አልሃምዱሊላህ! ሙህዬ፣ ሌላ አለ?» ሲሉ ሦስቱም ልጆች በአንድ ጊዜ ብድግ አሉ፤ ቤቱ ሠርግ ቤት መሰለ።

ከሁለተኛው አንዲት ጉርሻ ስትቀር፣ ጋሽ እንድሪስ በዚያች በምትንቀጠቀጥ ቀኝ እጃቸው አነሷት። ከታመሙ ወዲህ ሰው አጉርሰው አያውቁም።

«ይህቺ» አሉ፣ «ወደ ገበታዬ ለመለሰኝ ልጅ ናት።»

«እኔ ባላይ ኖሮ ይኸኔ ጓዳ ነበሩ» አለች ዘምዘም።

«በበርገሬ ሽታ እንጂ በምክርማ አልወጡም» አለ ሙህዬ።

ሉባባ ደግሞ ቀሚሷን ዘርግታ አሳየች።

ጉርሻዋ ተከፍላ ለሦስት የምትበቃ አይደለችም። ጋሽ እንድሪስ ሦስቱንም በየተራ አዩ። እጃቸው በልጆቻቸው ፊት ይንቀጠቀጣል፤ አሁን ግን አልደበቁትም።

በሉ እንግዲህ፣ አይቡ ሳይፈስ ፍረዱ። ችግሩን ላየችው፣ በርገሩን ለሠራው ወይስ ነጭ ቀሚሷን ላበላሸችው? ያቺ ጉርሻ ለማን ትገባለች?