ሁለት ሽምግልና ባንድ ደጅ

እናንተ ልጆች ይህችን አባባል በየሠርጉ፣ በየዕድሩ፣ ኳስ ስታዩ ሳይቀር ትወረውሯታላችሁ። ከየት እንደመጣች ግን አንዳችሁም አታውቁም! ከኛው ግቢ ነው የወጣችው፤ መንዝ ውስጥ፣ ከአያቴ ከአትጠገብ አባት ደጅ። ያ ግቢ ዛሬ ፈርሶ ባሕር ዛፍ በቅሎበታል።

አትጠገብ የባሻ ወንድይራድ ልጅ ነበረች። ሁለት ጎረምሶች ለሷ ሲሉ አገሩን አስጨነቁት። ደምለው ባለ በቅሎ፣ አስረስ ባለ ጠመንጃ። ደምለው ዛሬ በደጇ በቅሎ ሲያሰግር፣ አስረስ በማግሥቱ እዚያው ቆሞ ጥይት ይተኩሳል። ገበያ መሐልም ተፈነካክተዋል። ጓደኞቿ "የትኛው ይሻልሻል?" ሲሏት፣ "እኔ ምን አውቄ! እነሱ እርስ በርስ ይተያያሉ እንጂ ወደኔ መች ዞር ብለው ያውቃሉ" ትል ነበር አሉ።

ሦስተኛም ነበረ፤ ግን ማንም ከወንድ አይቆጥረውም። ሞላልኝ ይባላል፣ ሸማኔ ነው። ሴቶቹ የፈተሉትን ሊወስድ በጓዳ በር ይገባል፤ ከመሐላቸው ቁጭ ብሎ ጥጥ ያባዝታል፣ እንዝርት ያሾራል፣ ወሬ ይሰማል። ሌላ ወንድ ከዚያ ደጅ ቢቆም በዱላ የሚያባርሩት ሁለቱ ጉልቤዎች፣ እሱን "እለፍ፣ አንተ ሴታ ሴት" እያሉ እየሳቁ መንገድ ይለቁለት ነበር። እሱም አንገቱን ደፍቶ ያልፋል። ምን ቸገረው!

ሰኔ ሲገባ፣ ዝናብ ባባራ ጧት፣ የሁለቱም ሽማግሎች ባንድ ጊዜ ከባሻ ደጅ ደረሱ። ወጉን ታውቃላችሁ፤ ሽማግሌ መልስ ሳያገኝ አይቀመጥም፣ ቆሞ ነው የሚለምነው። እንግዲህ ማን ቀድሞ ይናገር?

"እኛ ቀድመናል፣ ዞር በሉ!"

"ማን ነው የሚዞረው? ልጃችን ከናንተው ልጅ በምን ያንሳል?"

ደምለውና አስረስ ከአጥሩ ውጭ ተፋጠው ቆመዋል። ባሻ ጨነቃቸው። ለአንዱ ወገን ቀድመው "ይግቡ" ቢሉ፣ ከሌላው ጋር ደም መቃባት ነው። እጃቸውን እያፋተጉ ወደ ጓዳ ገቡ።

ከደምለው ሽማግሎች መሐል አባ ይታጠቁ የሚባሉ አዛውንት ግን ከአጥሩ ካብ ሥር አጎንብሰው መሬት መሬት ያያሉ።

"አባ ይታጠቁ፣ ይናገሩ እንጂ!"

"ተዉኝ እስቲ። እዚህም ሽምግልና አለ።"

ከዝናቡ ወዲያ ጉንዳን እንደ አሸን ፈልቶ ኖሯል። ክንፍ ያወጡት ወንዶች በአንዲት ሴት ላይ ይረባረባሉ። አንዱ ያንዱን እግር ነክሶ፣ ሌላው ክንፍ ገንጥሎ፣ ተቆላልፈው ከሷ ርቀው ይንከባለላሉ፤ እሷን ከናካቴው ረስተዋታል። አንዱ ክንፍ የለሽ ደግሞ ከሠራተኛ ጉንዳኖቹ ጋር ተመሳስሎ ሹልክ ብሎ ወደሷ ሲጠጋ ማንም አልነካውም። "ይሄ መቼም ወንድ ሳይሆን አይቀርም" አሉ አባ ይታጠቁ ለራሳቸው።

ጓዳ ውስጥ ባሻን ሌላ ጉድ ጠበቃቸው። የንስሐ አባታቸው መምሬ አጥናፉ ከሞላልኝ ጋር በኋላ በር ገብተው ቆመዋል።

"ባሻ፣ ልጅዎን ለዚህ የንስሐ ልጄ ይስጡልኝ።"

ሚስታቸው ነገሩን ቀድመው የጨረሱት ይመስላል፦ "ለደምለው ብትሰጥ አስረስ፣ ለአስረስ ብትሰጥ ደምለው ቤታችንን ያነደዋል። ለሸማኔው ብትሰጥ ግን አንዱ በሌላው አልተበለጠ!"

ባሻ እዚያው ጓዳ ወደነበረችው ልጃቸው ዞሩ። ያን ጊዜ ሴት ልጅ አትጠየቅም ነበር፤ እሳቸው ግን ጠየቁ፣ ነፍሳቸውን ይማርና። "አንቺስ?"

"አባዬ፣ እሱ እኔን ያየኛል" አለች አትጠገብ።

ባሻ ወደ ደጅ ወጡ። "ሽማግሎች፣ እግዜር ያክብራችሁ። ልጄን ሰጥቻለሁ።"

"ለማን?!"

ሞላልኝ ፈትሉን በብብቱ እንደያዘ ከኋላቸው ብቅ አለ። እግዚኦ! ደምለው አጥሩን ዘሎ ገባ፣ አስረስ ጠመንጃውን አቀባበለ። ያቺ ሰዓት ብትበላሽ እኔም ዛሬ ከፊታችሁ አልቀመጥም ነበር፤ አያቴ ሞላልኝ ሸምኖ ያለበሰኝ ይህ ጋቢም አይኖርም ነበር።

አባ ይታጠቁ ከት ብለው ሳቁና ከሁለቱ ፊት ገብተው ቆሙ።

"ማንን ነው የምትመቱት? ከዚህ ሰው ጋር መች ተጣላችሁና! መንገዱን የለቀቃችሁለት እናንተው አይደላችሁም እንዴ?"

ጎረምሶቹ ተያዩ። አስረስ አፈሙዙን ወደ መሬት አወረደ። አዬ፣ ያን ጊዜ ሽማግሌ ሲናገር ጠመንጃ ይሰማ ነበር፤ ዛሬማ ማን ማንን ይሰማል? አባ ይታጠቁም ከካቡ ሥር ተቆላልፈው የወደቁትን ጉንዳኖች በዱላቸው ጫፍ እያሳዩ እንዲህ አሉ፦ "ክንፋሞች ሲናከሱ፣ እግረኞች ደረሱ።"