እሺ የሚለው ያጣ ሳጥን

አንድ ሰው ነበረ። ሥራው ለስልክ የሚሆኑ መተግበሪያዎችን መሥራት ነበር፤ በሥራውም የታወቀ ነው። የታወቀው ደግሞ በትሕትናው ነበር። እሱ የሠራው መተግበሪያ ሰው ሳያስፈቅድ አንዲት ነገር አያደርግም። ፎቶ ከማጥፋቱ በፊት ይጠይቃል፣ መልእክት ከመላኩ በፊት ይጠይቃል፣ ጠይቆ ከተፈቀደለት በኋላም «እርግጠኛ ነዎት?» ብሎ ደግሞ ይጠይቃል። ሰዎች ይህን ጨዋነቱን ወደውለት ነበር።

ጥያቄህን አልረሳሁትም፣ ተቀመጥ። «የስልክ መተግበሪያ መሥራት ለምጃለሁ። አሁን ደግሞ ፓምፑም፣ መብራቱም፣ በሩም ከኢንተርኔት ተገናኝቶ ራሱን በራሱ እንዲያዝ የሚያደርጉ ዕቃዎችን መሥራት አምሮኛል። የለመድኳቸው መሣሪያዎች ይበቁኛል ወይስ እንደገና ከሀ ሁ ልጀምር?» ነው ያልከኝ። ይህም ሰው እንዳንተው አምሮት ነበር። ልዩነታችሁ፣ እሱ አማት ነበሩት።

አማቱ ከሐይቅ ዳር ባለች አንዲት ትንሽ ከተማ ቲማቲም የሚያለሙ ሴት ናቸው፤ ወይዘሮ ዘርትሁን ይባላሉ። የዕድሜያቸውን ግማሽ አውራ ጎዳና ላይ ለከባድ መኪና ሾፌሮች ምግብ ቤት ከፍተው ኖረዋል። ሾፌር መንገድ ስላለበት ወሬ አያበዛም፤ እሳቸውም ከዚያ ወዲህ ወሬ ማብዛት አይወዱም። ልጃቸውን ለዚህ ሰው ሲድሩ ሥራው ምን እንደሆነ ጠየቁ፣ ተነገራቸው፣ አልገባቸውም፣ ደግመው ጠየቁ፣ ደግሞ ተነገራቸው። በመጨረሻ ለጎረቤታቸው የነገሩት እንዲህ ብለው ነው፤ «ስልክ ይነካካል። ሌላ ዐመል የለበትም።»

ይህ ቃል ዞሮ ዞሮ የሰውየው ጆሮ ገባ፤ ገብቶም አልወጣም። ሌት ተቀን ሲደክም የኖረ ሰው ስልክ ይነካካል መባሉ አንገበገበው።

ስለዚህ አማቱ ጉልበታቸውን እንደታመሙ፣ ፓምፑን ለማስነሣትና ለማጥፋት ጠዋትና ማታ እስከ ሐይቁ ዳር መውረድ እንዳቃታቸው ሚስቱ ስትነግረው አዘነ። እውነቱን እንናገር ካልን ግን ከማዘኑ ይልቅ ደስ አለው። አፈሩ ሲደርቅ የሚያውቅ፣ ፓምፑን ራሱ የሚያስነሣ፣ አፈሩ ሲረጥብ ራሱ የሚያጠፋ ነገር ሠርቼ እወስድላቸዋለሁ አለ። ያን ጊዜ ምን እንደሚነካካ ያዩታል።

ይከብደኛል ብሎ የፈራው ነገር ሁሉ ቀሎ ተገኘ። እዚህ ላይ ጆሮህን ስጠኝ፣ የጥያቄህ መልስ ግማሹ እዚህ ነው። የገዛው መዳፍ የምታህል የኮምፒውተር ቦርድ ውስጧ ስልክ ነው ማለት ይቻላል። የሚጽፍበት ቋንቋ ያው ነው፣ የሚጽፍበት ፕሮግራም ያው ነው፣ ሲሳሳት የሚመጣበት ስድብ እንኳ ያው ነው። አዲስ የሆነበት አፈር ውስጥ ተሰክቶ እርጥበት የሚለካ ሹካ የመሰለ ብረትና ፓምፑን የሚያበራ የሚያጠፋ ማብሪያ ብቻ ነበር። እሱንም ቶሎ ለመደው። ቦርዷን ከኮምፒውተሩ ስክሪን ጋር አገናኝቶ፣ ሹካውን በሚስቱ የአበባ ማሰሮ ውስጥ ሰክቶ ሞከረ፤ ሠራ። ደገመ፤ ሠራ። ሚስቱም አጨበጨበችለት። ቦርዷን ውሃ በማያስገባ ሳጥን ውስጥ አሽጎ ጉዞ ጀመረ።

ላፕቶፑን አልያዘም። «ሥራው አልቋል፤ ምን ያደርግልኛል?» አለ። እንደደረሰ ገና ሻይ ሳይቀርብለት ሐይቁ ዳር ወረደ፣ ሳጥኑን ከፓምፑ አጠገብ ተከለ፣ የድሮውን ማብሪያ ነቅሎ «ከእንግዲህ ይህ አያስፈልግዎትም» በማለት በሁለት እጁ ለአማቱ አስረከበ። አማቱ ማብሪያውን አገላብጠው አዩትና የነጠላቸው ጫፍ ላይ ቋጠሩት።

አፈሩ ደረቀ። የሰውየው ስልክ ላይ መልእክት መጣ፤ «አፈሩ ደርቋል።» ሰውየው ፈንድቆ ለአማቱ አሳያቸው። ፓምፑ ግን አልተነሣም። ጥቂት ቆይቶ ሌላ መልእክት መጣ፤ «አፈሩ በጣም ደርቋል።» ፓምፑ አሁንም ዝም።

በማግሥቱም ያው ሆነ። ሰውየው ሽቦውን ፈታ፣ መልሶ አሰረ። ሹካውን ነቅሎ ጠራርጎ መልሶ ሰካ። ኔትወርኩን ረገመ። ፀሐዩን ጠረጠረ። በዚያ ስታልፍ ሳጥኑን ያሸተተች አንዲት አህያ ነበረች፣ እሷንም ጠረጠረ። ቲማቲሙ ግን እሱ ጠርጥሮ እስኪጨርስ የሚጠብቅ አልሆነም። ገና ከመደብ ተነሥቶ የተተከለ፣ ሥር ያልያዘ ችግኝ ነው፤ ቅጠሉ ይጠወልግ ጀመር። ያ ማሳ ደግሞ የአማቱ የዓመት ተስፋ ነው። የድሮውን ማብሪያ ይመልሱልኝ እንዳይል «ስልክ ይነካካል» የሚለው ቃል ጆሮው ላይ ጮኸበት። ምርጫ ሲያጣ ጀሪካን አነሣ። ከሐይቁ እየቀዳ፣ በትከሻው እየተሸከመ፣ ችግኙን በየመስመሩ ማጠጣት ያዘ።

አማቱ ጥላቸውን ዘርግተው ዳር ላይ ቆመው ሲያዩት ቆዩ።

«ራሱ ያጠጣል ያልከኝ» አሉ በመጨረሻ፣ «ራስህን ነው እንዴ?»

ሰውየው ሊስቅ ሞከረ፤ አቅም አጣ። ምክንያቱም ርቦት ነበር።

የረሃቡን ነገር ልንገርህ። ይህ ሰው በሥርዓት ያደገ ሰው ነው፤ አማት ቤት እንዴት እንደሚበላ ያውቃል። ጥቂት ይቀመስና «በቃኝ» ይባላል። «ኧረ በሞቴ!» ይሉሃል። «እውነቴን ነው፣ ጠግቤያለሁ» ትላለህ። «አፈር ስሆን፣ ይቺን ብቻ!» ይሉሃል፤ ጉርሻው ይመጣል፣ ያን ጊዜ እያፈርክ በደንብ ትበላለህ። እሱም የራሱን ድርሻ አሳምሮ ተወጣ። የመጣ ዕለት ቆሮሶ የሚሉት የሐይቁ ዓሣ ከነራሱ ጥርት ብሎ ተጠብሶ ቀረበለት። ሁለት ጊዜ ቆረስ አደረገና እጁን ሰብስቦ «በቃኝ እማማ፣ ጠገብኩ» አለ። ከዚያ በሞቴ እስኪባል መጠበቅ ጀመረ።

አማቱ ግን ሾፌር ሲያበሉ የኖሩ ሴት ናቸው። ሾፌር ጠገብኩ ካለ ጠግቧል። ሳህኑን አነሡት።

በማግሥቱ ምሳ ቀረበ፤ «በቃኝ» አለ፤ ሳህኑ ተነሣ። እራት ቀረበ። አሁንስ ይለምኑኛል ብሎ «በቃኝ» የምትለዋን ቃል በጣም አለስልሶ፣ ጎተት አድርጎ፣ ዓይኑን ከዓሣው ሳይነቅል ተናገራት፤ ሳህኑ ተነሣ። ሚስቱ ደውላ «እናቴ እንዴት ይዛሃለች?» ስትለው «ኧረ በልቼ ልፈነዳ ነው» አላት። ምን ይበላት? እናትሽ በረሃብ ፈጀችኝ ይበላት?

እንግዲህ ሰውየው ባዶ ሆዱን ውሃ ይሸከማል፣ ሳጥኑ ውሃ ዳር ተቀምጦ ደረቀ እያለ መልእክት ይልካል፣ አማቱ ጥላ ይዘው ሁለቱንም ያያሉ። ችግኙ ደግሞ በጀሪካን የሚደረስለት አልሆነም፤ አንዱን ጫፍ አጠጥቶ ሲመለስ ሌላው ጫፍ አንገቱን ደፍቶ ይጠብቀዋል።

በመጨረሻ ሰውየው ጀሪካኑን መሬት ላይ ጣለው። «ይህ ሳጥን በሆዱ ምን እንደያዘ ካላየሁ አይሆንም» አለ። ለማየት ስክሪን ያስፈልጋል። ላፕቶፑ እንደሆነ ቤት ቀርቷል። አንዲት ቁራሽ ይጨመርልኝ ለማለት ያፈረው ሰው አማቱ ፊት ሄዶ አቀረቀረ።

«እማማ፣ ቴሌቪዥንዎን ያውሱኝ።»

«ምን ልታይበት?»

«ሳጥኑን።»

አማቱ ግንባሩን በእጃቸው ዳሰሱት። ያመመው መሰላቸው። ከዚያ «ዳንቴሉን እንዳታቆሽሸው» አሉና ፈቀዱለት።

ቴሌቪዥኑ ነጭ ዳንቴሉን እንደለበሰ በቲማቲሙ ማሳ መሐል ሲጓዝ ያየ ሰፈርተኛ ሁሉ የገመተው አንድ ነገር ነው፤ ኳስ አለ። ሰዉ በርጩማውን እየያዘ ተከተለ። አንድ ጎረቤት ቀድሞ ደርሶ ከፊት፣ ቦዩ አፍ ላይ፣ ደህና ቦታ ያዘና «ማን ከማን ነው?» ብሎ ጠየቀ። ሰውየው ቴሌቪዥኑን ለፓምፑ በመጣው መብራት ላይ ሰካ፣ ከዲሹ ሪሲቨር ነቅሎ ያመጣውን ገመድ ከሳጥኑ ጋር አገናኘ፣ ዳንቴሉን ገለጠ።

ስክሪኑ ላይ፣ ሰውየው ራሱ በጻፈው ጨዋ አማርኛ፣ እንዲህ የሚል ጽሑፍ ቆሞ ነበር፤

«ይቅርታ፣ ላስቸግርዎት። ውሃውን ልልቀቅ?»

ከሥሩም ሁለት ቁልፎች አሉ። አንዱ «አዎ» ይላል፣ አንዱ «ይቅር»።

አማቱ መነጽራቸው ቤት ስለቀረ ጎረቤቱ ጮክ ብሎ አነበበላቸው።

«ማንን ነው የሚጠይቀው?» አሉ አማቱ።

«እዚህ ያለውን ሰው» አለ ሰውየው።

«እዚህማ ሰው የለም። ሰው እንዳይኖር አይደል እንዴ ያመጣኸው?»

ያን ጊዜ ሰውየው ገባው። ቤቱ ሲሞክረውም ሳጥኑ ይህንኑ ሲጠይቀው ነበር። ጣቱ ከልማድ የተነሣ «አዎ»ን እየተጫነ ያልፍ ነበር እንጂ መጫኑን ልብ ብሎት አያውቅም። ስልክ ባለቤቱ እጅ ላይ የሚኖር ዕቃ ነው፤ ቢጠይቅ የሚመልስለት አለው። ይህ ምስኪን ሳጥን ግን ስክሪን የለው፣ ቁልፍ የለው፣ አጠገቡ ሰው የለው። ከተተከለ ጀምሮ፣ ሙሉ ሐይቅ እግሩ ሥር ተዘርግቶለት፣ እሺ የሚለውን ሰው በትሕትና ሲጠብቅ ኖሯል።

ሰውየው ሳያስበው ጣቱን ዘርግቶ ስክሪኑ ላይ «አዎ»ን ተጫነ። ቴሌቪዥን ነውና የጭቃ አሻራ ብቻ ቀረበት።

«አዎ በለው እንጂ!» አለ ጎረቤቱ። ሰዉም በአንድ ድምፅ «አዎ! ልቀቅ!» እያለ ጮኸ። አማቱ ሳይቀሩ ወደ ሳጥኑ ጎንበስ ብለው «ልቀቅ ልጄ፣ በሞቴ! ምን ያሳፍርሃል?» አሉት።

ሰውየው ይህን ሲሰማ ቆሽቱ አረረ። ለእሱ ያልወጣቸውን በሞቴ ለሳጥን አወጡት።

ስልኩን አንሥቶ ሚስቱ ጋ ደወለ። ላፕቶፑን አስከፈታት፣ ያቺን ጥያቄ የያዘችው መስመር የት እንዳለች ነግሮ አስጠፋት፣ ከዚያ ለሰዎች ስልክ አዲስ ሥራ በሚልክበት በዚያው በለመደው መንገድ ወደ ሳጥኑ አስላካት። ከመላኩ በፊት ላፕቶፑ «እርግጠኛ ነዎት?» ብሎ ጠየቃት፤ «አዎ» አለችው። እሷማ ፊቱ ተቀምጣ ነበር።

ቴሌቪዥኑ ጠፋና በራ። ጥያቄው የለም። ፓምፑ አንዴ አጓራ፣ ውሃውም በቦዩ እየተገፋፋ መጣ። ከፊት ቦታ የያዘው ጎረቤት ከነበርጩማው ራሰ። ሰዉ በሳቅ ፈረሰ፤ ኳስ እንደሌለ ሲያረጋግጥ ግን እያጉረመረመ ተበተነ። ሰውየውና አማቱ ብቻቸውን ቆመው ውሃው ከመስመር ወደ መስመር ሲሄድ አዩ። ቆይቶ፣ አፈሩ ሲጠግብ፣ ፓምፑ ማንም ሳይነካው ዝም አለ። ሰውየው እንባው መጣበት፤ ላብ መስሎ እንዲታይለት ግንባሩን አብሮ ጠረገ።

አማቱ የነጠላቸውን ቋጠሮ ፈትተው የድሮውን ማብሪያ አወጡና ጎረቤቱ ትቶት በሄደው በርጩማ ላይ አስቀመጡት። «ይህን ለፈለገ ስጠው» አሉ። ከእሳቸው አፍ ከዚህ የበለጠ ምስጋና ወጥቶ አያውቅም።

ምሳ ቀረበ። ያው ዓሣ ነው። ሰውየው ሁለት ጊዜ ቆረሰ፣ እጁን ሰበሰበ፣ «በቃኝ» ሊል አፉን ከፈተ። ቀና ሲል ቴሌቪዥኑ ወደ ቦታው ተመልሶ፣ ዳንቴሉን ለብሶ፣ የጭቃ አሻራውን እንደያዘ ፊት ለፊቱ ተቀምጧል። ሰውየው አፉን ዘጋ። እጁን ዘረጋ። ማንም ብላ ሳይለው የዓሣውን ወፍራሙን ጎን ገንጥሎ በላ፣ ደግሞ ወሰደ፣ ደግሞ በላ። እስከ አጥንቱ ደርሶ፣ ሲጠግብ ራሱ አቆመ።

አማቱ ሲያዩት ቆይተው «አሁን ሠራ» አሉ።

እንግዲህ ወደ አንተ ልምጣ። ሰውየው የለመደው መሣሪያ በቅቶታል፤ ከሀ ሁ አልጀመረም፣ አንተም አትጀምርም። መተው ያለብህ ሁልጊዜ የሚጫንልህ ሰው አጠገብህ አለ ብሎ ማሰብን ነው። ሜዳ ላይ የምትተክለው ዕቃ ብቻውን የሚኖር ነውና፣ መቼ እንደሚጀምር መቼ እንደሚያቆም ራሱ እንዲያውቅ አድርገህ ሥራው።

ነገር ግን ይህን ሁሉ ያወራሁልህ ለሳጥኑ ብዬ አይደለም። ቦርዷን ገዝተህ፣ ፕላስቲኳ እንኳ ሳይቀደድ፣ ቦርሳህ ውስጥ ይዘሃት ስንት ጊዜ እንደተመላለስክ አላየሁ መሰለህ? «ይበቃኛል ወይ? ልጀምር ወይ?» ትለኛለህ። ይበቃሃል እልሃለሁ። ሌላ ጊዜ ተመልሰህ «እርግጠኛ ነዎት?» ትለኛለህ። ሐይቅ ዳር ተተክሎ ውሃ ልልቀቅ ወይ የሚለው ሳጥን አንተ ነህ። ዓሣ ፊቱ ቀርቦለት በሞቴን የሚጠብቀው ሰውም አንተው ነህ። እኔ ደግሞ ሾፌር ሲያበሉ እንደኖሩት ሴት ነኝ፤ ከእንግዲህ አልለምንህም፣ ሳህኑን ነው የማነሣው።

በል ቦርሳህን ክፈትና ፕላስቲኩን ቅደድ።

ምን ዓይን ዓይኔን ታየኛለህ?