የደብሪቱ ገንፎ

ጠጋ በሉ ልጆቼ።

በጥንት ጊዜ፣ የአያቶቻችን አያቶች ገና ጥርስ ሳያበቅሉ፣ ከዚህ ገደል በላይ፣ ብርድ ከማይለቀው ደጋ ላይ ደብሪቱ የምትባል ሴት ነበረች። ዘመድ የላት፣ ርስት የላት። ከባሏ ከጥላዬና ከአማቷ ከእማማ ዘርትሁን ጋር ትኖር ነበር።

ደብሪቱ ወንድ ልጅ ወለደች። ልጁ ጡት ጠብቶ ወፈረ። መቀመጥ ሲጀምር፣ ሰው ሲበላ እያየ አፉን መክፈት ሲጀምር፣ እማማ ዘርትሁን የገብስ ሙቅ አፍልተው በነጠላ አጠለሉት። «የሕፃን ሆድ ስስ ነው፤ ወፍራም ነገር አይችልም» አሉ። የአገሩ ልማድ ያ ነበር። ልጁ ቀጭኑን ውሃ ጠጣ። ጠጣ፤ ግን አልጠገበም። እግሩ አበጠ፣ ጠጉሩ ቀላ፣ ማልቀስም ተወ። ከዚያ ሞተ። ሰው «ዓይን በልቶት ነው» አለ። ቀበሩት።

ደግማ ሴት ልጅ ወለደች። ይህቺን ጠበል ወሰዷት፣ ክታብ አሰሩላት፣ ከሰው ዓይን ደበቋት። ሙቁ ግን ያው ሙቅ ነበር፤ በዚያው ነጠላ አጠለሉት። እሷም አበጠች። እሷም ዝም አለች። ከወንድሟ አጠገብ ቀበሯት። ከዚያ ወዲያ ደብሪቱ አልፀነሰችም።

ከሰፈሩ ዳር ውባለም የምትባል ድሃ መበለት ነበረች። ደብሪቱ አንድ ቀን እሳት ልትጭር ሄደች። የውባለም ሕፃን የደብሪቱ ልጆች በሞቱበት ዕድሜ ላይ ነበረ፤ ጉንጩ ግን ሙሉ ነው። እናቱ የተቀቀለ ባቄላ ልጣ፣ ከጎመን ጋር በጣቷ ጨፍልቃ ታጎርሰዋለች።

«ምነው እህቴ፣ ይህን ለሕፃን?» አለች ደብሪቱ።

ውባለም አፈረች። «ለብቻው የማፈላለት ገብስ ከየት ላምጣ? እኔ የምበላውን አድቅቄ ነው የምሰጠው።»

ደብሪቱ እሳቱን ሳትጭር ተመለሰች። መንገድ ላይ ተቀምጣ አለቀሰች። ልጆቿን የበላቸው ዓይን አልነበረም። በራብ ነው የሞቱት፤ ያውም ጎተራው ሙሉ ሳለ።

ከዚያ ዘመን ከፋ። ዝናብ ቀረ። በዚያው ዓመት የእማማ ዘርትሁን ሴት ልጅ በወሊድ ሞተች፤ ሕፃኗን አምጥተው ለደብሪቱ አሳቀፏት። ደብሪቱ በፍየል ወተት አቆየቻት። ሕፃኗ መቀመጥ ስትጀምር እማማ ዘርትሁን ሙቅ ሊያጠልሉ ነጠላቸውን አነሡ።

ደብሪቱ እጃቸውን ያዘች። ምራት የአማቷን እጅ ስትይዝ በዚያ አገር ታይቶ አይታወቅም።

«እማማ፣ ይቅር ይበሉኝ። ሁለቱን በዚህ ውሃ ቀብረናል። ይህቺን አልሰጥዎትም።»

«ልጆችሽን እኔ ገደልኳቸው ልትይ ነው?»

«አብረን ነው፣ እማማ። ሁለታችንም አላወቅንም።»

አሮጊቷ ነጠላቸውን ለብሰው ወጡ። ከዚያም ለብዙ ጊዜ አላናገሯትም።

ደብሪቱ ገብስና ባቄላ ቆልታ ፈጨች፤ ገንፎ አገነፋች። ሲገኝ ዕንቁላል ትሰብርበታለች፣ ሲገኝ ቅቤ ጠብ ታደርግበታለች፣ ጎመን ቀቅላ ታደቅቅበታለች። ሕፃኗ በላች። ጎተራው ግን ተራቆተ፤ ባቄላውም አለቀ። ደብሪቱ ቆላ እየወረደች በሰው ቤት እህል ትፈጫለች፤ ለድካሟ ሽምብራ ይሰፍሩላታል። ያንን ተሸክማ ዳገቱን ትወጣለች።

«አንቺም እኮ ሰው ነሽ፤ ቅመሽ እንጂ» ይላታል ጥላዬ።

«ቀምሻለሁ» ትላለች። ውሸቷን ነበር።

ሕፃኗ ቆማ በሄደች ሰሞን ደብሪቱ ዳገቱ ላይ ወድቃ ተገኘች። የሽምብራው ስልቻ ከጀርባዋ አልወረደም ነበር። ዝናቡ የመጣው ከተቀበረች በኋላ ነው።

ከለቅሶው በኋላ እማማ ዘርትሁን የልጅ ልጃቸውን አዝለው፣ ጨቅላ ባለበት ቤት ሁሉ ዞሩ። «ሙቅ አጥልሉ ብዬ የመከርኳችሁ እኔ ነኝ፤ ተዉት» አሉ። ከስልቻው ሽምብራ እፍኝ እፍኝ እየዘገኑ ሰጡ።

ይኸው እስከ ዛሬ በዚያ ደጋ ልጅ መብላት ሲጀምር ጎረቤት ጥራጥሬ ይዞ ይመጣል፤ «የደብሪቱ እፍኝ» ይሉታል። እናትየው ገንፎውን በማንኪያ አንሥታ ትዘቀዝቀዋለች። ካልወደቀ «ገንፎው ቆሟል፤ ልጄም ይቆማል» ብላ ታጎርሳለች። ከፈሰሰ ግን ማንም አይናገራትም። የቤቱ አሮጊት ትነሣና ዱቄት ትጨምራለች።