የማንም እጅ ያልነካው ጊታር

«አንድ ጊታር ጠጋኝ ነበረ» ብለው ጀመሩ መሪጌታ ሐዲስ፣ ወይዘሮ ዘርፌ ጥያቄዋን ስትጨርስ።

ወይዘሮ ዘርፌ የትምህርት ቤት ርዕሰ መምህርት ናት። ከዘጠኝ ዓመት በፊት የፈተና ወረቀት ያለበትን ቁም ሣጥን በትርፍ ቁልፍ ከፍታ ሳትቆልፍ የሄደችው እሷ ነበረች፤ ወረቀቱ ሲጠፋ ግን ቁልፍ ያዥ የነበረችው ሌላ መምህርት ተወቀሰችበት። ዛሬ ዘርፌን ሁሉም ያምናታል። ጥፋቱ የእኔ ነው ብዬ አሁን ብናገር፣ እስከ ዛሬ የተናገርኩትን ሁሉ ማን ያምነኛል? ነበር ጥያቄዋ። መሪጌታም በዚህ ሰው ታሪክ መለሱላት።

ጠጋኙ በሙያው የሚስተካከለው አልነበረም። አንድ የድሮ ኤሌክትሪክ ጊታር ከፋብሪካ እንደወጣ መሆኑን ወይም ዕቃው የተቀያየረበት መሆኑን ለማወቅ ሰው ሁሉ ወደ እሱ ይመጣል። ቀለም አያታልለውም። አሮጌ እንዲመስል በብርጭቆ ወረቀት የተፋቀውንና በተጫዋች ክንድ ለዓመታት የተሻሸውን በጣቱ ዳብሶ ይለየዋል። የፋብሪካውን ቁጥር ያነባል፤ የብሎኖቹን ራስ ያያል፤ አንድ ጊዜ የተፈታ ብሎን ጭረት ይቀርበታልና። ከዚያ ክሮቹን አላልቶ የፕላስቲኩን ሽፋን ያነሣና ሽቦዎቹ የተበየዱበትን እርሳስ ይመረምራል። ውስጡን ሳያይ የፈረመለት ጊታር የለም። ስለዚህ እሱ ኦሪጅናል ነው ካለ ገዢ አይከራከርም።

አንድ ቀን ከሰዓት በኋላ አንድ አዛውንት ሙዚቀኛ ጊታራቸውን ይዘው መጡ። አብሯቸው ጊታሩን ሊገዛ የፈለገ ሰው ነበር፤ የድሮ ጊታር የሚሰበስብ ባለጸጋ። ጠጋኙ የጊታሩ ሣጥን ሲከፈት ልቡ ደነገጠ። ጊታሩን ያውቀዋል። ባለቤቱንም ያውቃቸዋል።

ከሃያ ስድስት ዓመት በፊት፣ ሱቁን በከፈተ ሰሞን፣ እኚሁ ሙዚቀኛ ጊታሩን እንዲያጸዳላቸው ሰጥተውት ነበር። ሲያጸዳ ካቻቢቴው አመለጠውና ከክሮቹ ሥር ካሉት፣ ንዝረታቸውን ተቀብለው ወደ ድምፅ ማጉያው ከሚልኩት ማግኔቶች አንዱን ወጋው። በላዩ የተጠመጠመው ከፀጉር የቀጠነ ሽቦ ተበጣጠሰ። በዚያን ጊዜ እንዲህ ያለውን መጠገን አያውቅም። ከሌላ የተሰበረ ጊታር ተመሳሳዩን ነቅሎ ተካበትና የተበላሸውን ጣለው። ሙዚቀኛው ጊታሩን በወሰዱ በሦስተኛው ቀን ተመለሱ። ድምፁ ተለውጦብኛል፣ ወፍራሙ ክር ላይ የነበረው ለዛ የለም አሉት። ጠጋኙ ፊታቸውን ሳያይ፣ ዕቃው እንደነበረ ነው፣ ምናልባት ብዙ ዓመት ማጉያ አጠገብ ቆመው ሲጫወቱ ጆሮዎ ደክሞ ይሆናል አላቸው። እሳቸውም አመስግነውት ሄዱ።

አሁን ሙዚቀኛው ለገዢው ስለ ጊታሩ ሲያስረዱ ጠጋኙ እየሰማ ነው። ከገዛሁት ጀምሮ የማንም እጅ አልነካውም፣ ይህ ጠጋኝ አንዴ ከማጽዳቱ በቀር አሉ። ገዢው ለምን መጫወት እንዳቆሙ ጠየቃቸው። ጆሯቸው እንደከዳቸው፣ ይህንንም መጀመሪያ የነገራቸው እዚህ ያለው ጠጋኝ እንደሆነ ነገሩት። የባንድ ጓደኞቻቸው ምንም ጉድለት አልሰማንብህም ቢሏቸውም፣ ሕዝብ ፊት ከማፍሬ በፊት ብለው በዓመቱ መድረኩን ተዉት። እውነቱን ነግሮኛል ብለውም ጠጋኙን እስከ ዛሬ ያከብሩታል።

ጠጋኙ ቁጥሩን አነበበ። ትክክል ነው። ቀለሙን ዳበሰ። እሱም ትክክል ነው። ክሮቹን አላልቶ ካቻቢቴውን ሲያነሣ ገዢው እጁን ያዘው።

«ተወው፣ አትፍታው» አለው። «ያንተ ቃል ይበቃኛል። ኦሪጅናል ነው በለኝና ልውሰደው።»

ጠጋኙ ካቻቢቴውን እንደያዘ ቆመ። አንድ ቃል ቢናገር ሁሉም ደስ ብሎት ይለያያል። ጊታሩ የባለጸጋው ግድግዳ ላይ ይሰቀላል፤ ማንም አይከፍተውም። ሽማግሌውን አያቸው። የሣጥኑን ክዳን በእጃቸው ደግፈው ይጠብቃሉ። ቢሰድቡት ኖሮ ይሻለው ነበር፤ ያቃጠለው ምስጋናቸው ነው። እጁን ከገዢው እጅ አላቀቀና ብሎኖቹን አንድ በአንድ ፈታ። ሽፋኑን አንሥቶ በባትሪ እያበራ ሁለቱንም ጠራቸው። የፋብሪካው ብየዳ ለስላሳና ድፍን ነው። አንደኛው ማግኔት ላይ ያለው ግን የተቆለለና የተንጠባጠበ፣ የጀማሪ እጅ ሥራ።

«ይህ ከፋብሪካው የወጣ አይደለም» አለ። «የተካሁት እኔ ነኝ። ዋናውን አበላሽቼ ጣልኩት። ጋሼ፣ የዚያን ቀን ጆሮዎ አልተሳሳተም። እኔ ነኝ የዋሸሁዎት።»

ሽማግሌው ወደ ብየዳው ጎንበስ አሉ።

«ወፍራሙ ክር ላይ ነበር፣ አይደል?» አሉ በመጨረሻ።

«አዎ ጋሼ። እዚያው ላይ ነበር።»

«ሰምቼው ነበር» አሉ። «በደንብ ሰምቼው ነበር።»

ይቅር አላሉትም፤ ቢያንስ ያን ቀን አላሉትም። ዕድሜዬን ነው የወሰድክብኝ አሉት፤ ጠጋኙም አንገቱን ደፍቶ ሰማ። ነገር ግን ጊታሩን አልሸጡትም። ሽፋኑ ተመልሶ ሲታሰር ከጠጋኙ እጅ ተቀብለው ጭናቸው ላይ አደረጉና የላሉትን ክሮች እያከረሩ፣ ያለ ማጉያ፣ በጆሯቸው ብቻ መቃኘት ጀመሩ። ጠጋኙ መቃኛ መሣሪያ ሊያቀብላቸው እጁን ሰደደና መልሶ ሰበሰበው። ስድስቱም ክሮች ልካቸውን አገኙ። ሽማግሌው ቀና ሳይሉ መጫወት ጀመሩ፤ ጣታቸው ዝጎ ነበር፣ አንዳንዴም ይስት ነበር፣ በሳተ ቁጥር ግን ራሳቸው ሰምተው ያርሙት ነበር።

ገዢው ባዶ እጁን ወጣ። በሚቀጥለው ወር ሌላ ጊታር ሲያገኝ ግን ይዞት የመጣው ወደዚያው ጠጋኝ ነው። ለምን ቢሉት፣ በራሱ ላይ የፈረደ ሰው ለእኔ ብሎ አይዋሽም አለ። ይህን ጊዜ ግን ብሎኖቹ ሲፈቱ እጁን አልያዘውም።

መሪጌታ ሐዲስ ይህን ተናግረው ወደ ወይዘሮ ዘርፌ ዞሩ።

«ልጄ፣ ያ ጠጋኝ አንቺ ነሽ። ሰው በአንቺ ላይ ያለው እምነት ደግሞ ያ ገዢ ነው፤ አትክፈቺው፣ ቃልሽ ይበቃል ይልሻል። ስምሽ እንዳይወድቅ ፈርተሻል፤ አልፈርድብሽም። እስከ ዛሬ እውነት የተናገርሽው በዚህ እውነት አይሰረዝም፤ ይጸናል እንጂ። ደግሞ ስምሽን ለጊዜው ተይው። ዘጠኝ ዓመት ሙሉ፣ ቆልፌው ነበር ወይስ አልቆለፍኩትም እያለች በገዛ እጇ ላይ እምነት ያጣች መምህርት አለች። ቆልፋው ነበር። ይህን የሚያውቅ ሰው ከአንቺ በቀር የለም። ይቅር ትልሽ እንደሆነ እኔ አላውቅም፤ በእጇ ላይ የነበራትን እምነት ግን ትመልሺላታለሽ። ቤቷን ታውቂዋለሽ አይደል? እንግዲያስ ተነሺ።»